በድሬዳዋ ሙቀት የተዘጋ መስኮት

በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው የሞላበትን የቆርቆሮ አዳራሽ መስኮት ዘግቻለሁ። ይህን ስናገር የከተማዬ ሰው አብዳ ነበር ይል ይሆናል። አላበድኩም። በጥናት ላይ ነበርኩ።

ጥናት መልካም ነገር ነው። ሐኪሙም አስተማሪውም ሳያጠና ቢሠራ ሁላችንም የግምት ሰለባ ነን። ችግሩ ጥናት ሰው መፈለጉ ነው። ሰው ደግሞ እንደ እህል ናሙና በብልቃጥ ሲያስቀምጡት ቁጭ አይልም፤ ይጠይቃል፣ ይቀልዳል፣ ይባስ ብሎም ይመኛል።

መሠረተ ትምህርት አገሩን ባዳረሰበት ጊዜ ነው። እኔ የከዚራ ሰፈር ልጅ፣ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። አንድ አጥኚ ከአዲስ አበባ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ይዞ በባቡር መጣና ረዳቱ አደረገኝ። ማንበብ የማይችሉትን የቀበሌውን ሴቶች ለሁለት ከፈልናቸው። ግማሾቹ ይማራሉ፤ ግማሾቹ ሳይማሩ ይቆዩና መጨረሻ ላይ ከተማሩት ጋር ይነጻጸራሉ። ለእነዚህኞቹ «ተራችሁ ይደርሳል» አልናቸው እንጂ ምክንያቱን አልነገርናቸውም። ፈቃዳችሁ ነው ወይ ያላቸውም የለም። ያን ጊዜ ሰው ተጠርቶ ይመጣል እንጂ ተጠይቆ አይመጣም።

አዴ ሐሊማ፣ ለታላቅ ሴት አዴ እንላለን፣ ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ ነበረች። ከደረቁ ወንዝ፣ ከደቻቱ ዳር ሎሚ ትሸጣለች። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር በወሰደች ቁጥር በአውራ ጣቷ መፈረም አንገሽግሿት «ስሜን ብቻ አስተምሩኝ፤ ሌላው ለወጣቶቹ ይሁን» ትል ነበር። ተራው ሲዘገይባት ዘንቢሏን ይዛ እየመጣች ከአዳራሹ መስኮት ሥር፣ ጥላው ላይ፣ ትቀመጥ ጀመር። እኛ ውስጥ ፊደል ስንጠራ ከውጭ አንድ ቀጭን ድምፅ ይከተለናል። አንዳንዴም ይቀድመናል። ሴቶቹ ይስቃሉ። አጥኚው ግን አልሳቀም፤ «ይህች ሴት ውጤቱን ታበላሽብናለች» አለኝ።

ወጣሁ። በድሬ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም፤ አንተና አንቺ ተባብለን ነው የምንኖረው። ያን ቀን ግን «እርስዎ» አልኳት። ሰው ሊያርቅ ሲፈልግ ያከብራል።

«አዴ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም።»

«ጥላም በራሽን ሆነ እንዴ?»

«ተራዎ እስኪደርስ ይጠብቁ።»

«እኔስ እጠብቃለሁ። ጆሮዬን ምን ልበለው?»

ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ እያራገቡ፣ ላባቸው ደብተራቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንዳቸውም ለምን አላሉኝም። አዴ ሐሊማ በማግስቱም መጥታ ከተዘጋው መስኮት ሥር ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ቀረች።

መጨረሻ ላይ የተማሩትም ያልተማሩትም ተፈተኑ። አዴ ሐሊማ እርሳሱን አገላብጣ አየችውና አውራ ጣቷን ዘርግታ «ቀለሙ የት አለ?» አለች። አጥኚው ደስ አለው፤ የዘዴው ጥሩነት በእሷ አለማወቅ ተመሰከረለታ። በባቡሩ ተመልሶ ሄደ፤ አዳራሹ የእህል ማከማቻ ሆነ። ተራውም ሳይደርስ ቀረ።

እኔንስ እጄን ማን ያዘኝ? ደቻቱን ተሻግሮ ስሟን ማስተማር ብቻ ነበር። ደቻቱ የሚሞላው ሲዘንብ ነው፤ ሰበብ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሞላል።

አሁን ስልሳን ተጠግቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሲያሸልብ መስኮቴን ወለል አድርጌ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም። በቅርቡ አላስችል ቢለኝ ደብተርና እርሳስ ገዝቼ ፍለጋ ወጣሁ። ዋሂል ገጠር፣ ልጇ ዘንድ ገብታለች አሉኝ። ሄድኩ። ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። በድምፄ ለየችኝ።

«እህ፣ ተራዬ ደረሰ?» ብላ ሳቀች።

«ዘገየሁብሽ፣ አዴ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ? ሰዉ ብዙ ነበር፣ ሰልፉም ረጅም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ተገላበጠ፤ የተወጋችው መወጋቷንም አታውቅ። ሆን ብለን እንዳስቀረናት ማንም አልነገራት፤ ሰልፉ ረዝሞባት የቀረች ይመስላታል። ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ጥፋቱን መናገር ያስፈልጋል። ጥፋቱን ሳልናገር፣ ደብተሩንም ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተነሣሁ፤ እሷም በዳበሳ ሎሚ መርጣ አስይዛኝ ሸኘችኝ።

ይህን የምጽፈው እሷ እንደማታነበው አውቄ ነው፤ እንዳታነብ ካደረጓት አንዷ እኔ ነኝና። የምታነቡት እናንተ ናችሁ። እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።