ከዳዊት ቀጥሎ የሚደገም ፓስዎርድ

ባንተአምላክ፦ ጋሽ ፋንታ፣ በርጩማዎን ከዚህ ያንሱ ብያለሁ!

ፋንታ፦ አላነሳም። በር ጠብቁ ያልከኝ አንተው ነህ።

ባንተአምላክ፦ በሩ ወዲያ ነው! ይሄ ኮምፒውተር ነው!

ፋንታ፦ አባላቱን ስታስተምር «ስምና ፓስዎርድ የሚጻፍበት ገጽ የቤታችሁ በር ማለት ነው» አላልክም? እኔ ዘበኛ ነኝ። በር ሲጨመር በርጩማዬን ይዤ መጣሁ። ደመወዝ ይጨመርልኝ እንኳ አላልኩም።

(ይህ ሁሉ የሚሆነው ቢቸና፣ «የጮቄ ልጆች» በሚባለው የተወላጆች ማኅበር ቢሮ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ 2008 ዓ.ም.። ባንተአምላክ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ወጣት ነው። የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ነው፤ ይህንንም ለሰው ሳይነግር ውሎ አያውቅም። ጋሽ ፋንታ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ ስልሳን አልፈዋል፣ ነገር የሚገባቸውም ዘግይቶ ነው እየተባሉ ይታማሉ። ዛሬ የባንተአምላክ የሙከራ ቅጥር ያበቃል። የሞጣዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይርጋነሽ በአውቶቡስ እየመጡ ነው። ድረ ገጹን አይተው «ያስተማምናል» ካሉ የሞጣ አባላት ይመዘገባሉ፣ እሱም ቋሚ ይሆናል። «አያስተማምንም» ካሉ ድረ ገጹ ይዘጋል፣ እሱም ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት። ከጠዋት ጀምሮ ጨንቆታል፤ ሲጨንቀው ደግሞ ሰው ማስተማር ይወዳል።)

ባንተአምላክ፦ እትዬ ይርጋነሽ ደብረ ወርቅን አልፈዋል። ሲገቡ ይህ ክፍል ቢሮ መምሰል አለበት።

ፋንታ፦ አሁንም እንደተቆጡ ናቸው?

ባንተአምላክ፦ አይቆጡ? ያልሞተ ሰው አስለቅሰናቸው!

ፋንታ፦ እውነትህን ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሞጣ ድረስ «ወንድሜ የኔሰው! ወንድሜ የኔሰው!» እያሉ መጥተው፣ በሩን የከፈተላቸው ራሱ የኔሰው ነው። «ምን ሆነው ነው፣ እትዬ? ማን ሞተ?» አላቸው።

ባንተአምላክ፦ ገጹ ላይ «የኔሰው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል» ተብሎ ተጽፎ ነበራ!

ፋንታ፦ ማን ነበር የጻፈው?

ባንተአምላክ፦ ስንቴ ልንገርዎት! ጎረቤቱ ቀለሙ ነው፤ በአጥር ተጣልተው። «ፓስዎርዴን ረሳሁ» የሚለውን ተጫነ፣ ድረ ገጹ «የእናትህ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው፣ የየኔሰውን እናት ስም ጻፈ፣ ገባ።

ፋንታ፦ ቢቸና ላይ ቁጭ ብሎ የእናት ስም መጠየቅ? ኧረ እመ ብርሃን! እዚህ እንኳን የሰው እናት፣ የእናትየዋን ላም ስም የማያውቅ አለ?

ባንተአምላክ፦ (ቆጣ ብሎ) የተማርነው እንደዚያ ነው! ደግሞ ጥያቄውን አጥፍቼዋለሁ። አዲሱን ዘዴ ልንገርዎት፣ ምናልባት ጥቂት ይገባዎት እንደሆነ። ፓስዎርድ ከዐሥራ ሁለት ፊደል አያንስም። ትልቁ ፊደል፣ ትንሹ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይደባለቁበታል። የሰው ስም ፈጽሞ ክልክል ነው። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ እስከ ነገ ይቆለፍበታል። ሌባ ቀርቶ ጋኔን አይገባም!

ፋንታ፦ ባለቤቱስ ይገባል?

ባንተአምላክ፦ ባለቤቱማ ፓስዎርዱን ያውቃል!

ፋንታ፦ ከአባላቱ ሸዋነሽ እንኳ ታውቃለች? እሷ እኮ አንዱን ልጇን ስትጠራ አምስቱን ጠርታ በስድስተኛው ነው የምትደርስበት።

ባንተአምላክ፦ በቃሏ ትይዛላ! ወረቀት ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ውጤቱን አያዩም? አርባ ስምንት አባላት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም «ረሳሁ» ያለ የለም! እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አበባም አይገኝ። ለእትዬ ይርጋነሽ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ፋንታ፦ (ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው) እግዚአብሔር ይመስገን። ደከመኝ አልልም።

ባንተአምላክ፦ እርስዎን ምን አደከመዎት?

ፋንታ፦ የሰኞዎቹ እንኳ ቀላል ናቸው። የዓርቦቹ ናቸው ፈተና፤ ምልክት ይበዛባቸዋል።

ባንተአምላክ፦ የምን ሰኞ? የምን ዓርብ?

ፋንታ፦ ዳዊት በየቀኑ ተከፍሎ አይደል የሚደገም? ፓስዎርዱንም እንደዚያው ከፈልኩት። ለቀን ስምንት ስምንት ይደርሳል። እሑድ አርፋለሁ።

ባንተአምላክ፦ (የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ) የማንን ፓስዎርድ?

ፋንታ፦ የሁሉንም ነዋ።

ባንተአምላክ፦ የአርባ ስምንቱንም?

ፋንታ፦ አንተ ነህ እኮ «አትጻፉ፣ በቃል ያዙ» ያልከው። ሰዉ ግራ ገባው። በቃል መያዝ የማን ሙያ ነው? ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት መቆየቴን አገር ያውቃል። መጀመሪያ ሸዋነሽ መጣች፤ ከዚያ በገበያ ቀን ተሰለፉልኝ። አንዴ ሰማሁ፣ ያዝኩ። መግባት ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ በጆሯቸው እመልስላቸዋለሁ።

ባንተአምላክ፦ ለማንም እንዳትነግሩ ብዬ አስጠንቅቄያለሁ!

ፋንታ፦ ለማንም ነዋ! እኔ ማንም ነኝ እንዴ?

ባንተአምላክ፦ (ላቡን እየጠረገ) ቆይ፣ ቆይ። የሚደግሙት በልብዎ ነው፣ አይደል?

ፋንታ፦ በልብ የተደገመ ይጠፋል። ጎሕ ሲቀድ፣ ከዳዊቱ ቀጥዬ፣ በዜማ ነው እንጂ። (ዓይናቸውን ጨፍነው) «ትልቁ ኤስ፣ ትንሹ ኤች፣ ሰባት ሰባት፣ ቃለ አጋኖ…» (አፋቸውን ይይዛሉ) ወግድ! ልታወጣጣኝ ነው!

ባንተአምላክ፦ ሰው ይሰማል እኮ!

ፋንታ፦ ይሰማል። ድግምት ነው ብሎ ጎረቤቱ መንገድ ቀይሯል። ቄስ አካለ ወልድም አንድ ማለዳ መጥተው ጠበል ረጩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ሌባ ዝር ብሎ አያውቅም።

(ስልክ ይጮኻል። ባንተአምላክ ያነሳል፤ «አቤት፣ እትዬ… እሺ፣ እትዬ» ብሎ ይዘጋል።)

ባንተአምላክ፦ መናኸሪያ ደርሰዋል! አለቀልኝ! የሁሉንም ፓስዎርድ አሁኑኑ እለውጣለሁ። በአስተዳዳሪው ስም እገባና… (ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ «ትክክል አይደለም» ይለዋል) እንዴ? (ደግሞ ይጽፋል፤ ደግሞ ይለዋል) እንዴ!

ፋንታ፦ ምነው?

ባንተአምላክ፦ ዛሬ ጠዋት ከጭንቀቴ የተነሳ የራሴን ስድስት ጊዜ ለዋውጬዋለሁ። የመጨረሻው የትኛው እንደነበር ጠፋኝ! ከእንግዲህ አንዴ ብሳሳት እስከ ነገ ይቆለፋል!

ፋንታ፦ እኔ አውቀዋለሁ።

ባንተአምላክ፦ …ምን አሉ?

ፋንታ፦ ጣትህ ሲጽፍ አፍህም አብሮ ይጽፋል። እኔ ደግሞ እዚሁ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ።

ባንተአምላክ፦ (ሊንበረከክ እየቃጣው) ጋሽ ፋንታ፣ የኔ ጌታ! ይንገሩኛ!

ፋንታ፦ አልነግርህም።

ባንተአምላክ፦ ለሸዋነሽ ይነግሩ የለ!

ፋንታ፦ ሸዋነሽ አደራ ሰጥታኛለች፤ አደራ ይመለሳል። አንተ መቼ ሰጠኸኝ? ያልተሰጠኝን ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ባንተአምላክ፦ እሺ፣ አሁን አደራ ሰጠሁዎት!

ፋንታ፦ የማታውቀውን?

ባንተአምላክ፦ የራሴ እኮ ነው! እርስዎ ደግሞ ያውቁኛል!

ፋንታ፦ ቀለሙም የኔሰውን ያውቀዋል።

(ዐሥራ ስድስት ዓመት ተምሮ በዘበኛ መረታት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያየ ያውቀዋል። በዚህ መሐል ወይዘሮ ይርጋነሽ ይገባሉ፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ጃንጥላቸውን እንደ በትር የያዙ።)

ይርጋነሽ፦ ደኅና ዋላችሁ። የኔሰው ደኅና ነው?

ባንተአምላክ፦ ደኅና ነው፣ እትዬ! በሕይወት አለ!

ይርጋነሽ፦ አውቃለሁ። ከመሳፈሬ በፊት ደውዬ ድምፁን ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ እናንተን አምኜ አላለቅስም። በል ክፈተውና አሳየኝ።

ባንተአምላክ፦ እሱማ… ጋሽ ፋንታ ፓስዎርዴን ይዘውብኝ ነው።

ይርጋነሽ፦ ይስጡታ፣ ጋሽ ፋንታ! ጮክ ብለው ይናገሩትና እንገላገል።

ባንተአምላክ፦ አዎ፣ ጮክ ብለው! እትዬ ፊት! የምደብቀው የለኝም። ሙያ ያለበት ፓስዎርድ ነው፣ እሳቸውም ይማሩበት።

ፋንታ፦ ተው ልጄ፣ ይቅርብህ።

ባንተአምላክ፦ ይናገሩ አልኩ!

ፋንታ፦ የሰው ስም ክልክል ነው ያለው ማን ነበር?

ባንተአምላክ፦ እኔ ነኛ! ፈጽሞ ክልክል ነው! ፓስዎርድ ውስጥ የሰው ስም የሚያስገባ ማለት እኮ ደንቆሮ… (ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ይጠፋል)

(አሁን ትዝ አለው። ስድስተኛው ላይ ሐሳብ ሲያልቅበት ጣቱ የጻፈው የወይንእሸትን ስም ነበር። ወይንእሸት ሞጣ የምታስተምር ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት በልቡ ይዟት ለማንም አልተነፈሰም፣ ለእሷም ጭምር። ችግሩ ደግሞ የወይዘሮ ይርጋነሽ ልጅ መሆኗ ነው። ባንተአምላክ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።)

ይርጋነሽ፦ ምን ሆነ ይሄ ልጅ? የማን ስም ነው የገባበት? ጋሽ ፋንታ፣ እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ ይንገሩኝ።

ፋንታ፦ አልችልም፣ እትዬ።

ይርጋነሽ፦ ካልነገሩኝ ሞጣ አይመዘገብም። ይሄም ልጅ ዛሬውኑ ይሰናበታል።

ፋንታ፦ (አዝነው) ልጄ፣ ይኸው እንጀራህ በእኔ አፍ ላይ ወደቀ። ምን ትላለህ?

ባንተአምላክ፦ (በቀስታ) አይናገሩ፣ ጋሽ ፋንታ። ልሰናበት።

(ወይዘሮ ይርጋነሽ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሽማግሌውን ያያሉ። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ።)

ይርጋነሽ፦ ለካ በዚህ ቤት አፉን የሚዘጋ ሰው አለ! የጎደለን ይኸው ነበር፤ አሁን ያስተማምናል። በል መዝግበኝ። ሞጣም ይመዘገባል፤ አንተም ቋሚ ነህ።

ባንተአምላክ፦ (ማመን አቅቶት) እትዬ! እሺ! ለምዝገባ የኔ ፓስዎርድ አያስፈልግም፣ ገጹ ክፍት ነው። ስምዎን እዚህ… ፓስዎርድዎን እዚህ… ከዐሥራ ሁለት ፊደል…

ይርጋነሽ፦ ዞር በል አንተ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ። ጋሽ ፋንታ፣ ጆሮዎን ያውሱኝ። በእኔ አእምሮ ከአንዲት ልጄ ስም ሌላ የሚቀር የለም፤ እሱኑ አድርጌ ኋላውን በቁጥር ልሙላው።

(ያንሾካሽካሉ። ጋሽ ፋንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።)

ፋንታ፦ አይሆንም፣ እትዬ። ሌላ ይምረጡ።

ይርጋነሽ፦ ለምን?

ፋንታ፦ ይቺ ስም ተይዛለች። ሁለት ሰው በአንድ ስም ከገባ ስደግም ይምታታብኛል።

(ባንተአምላክ ግድግዳው ቢውጠው ይመርጥ ነበር።)

ይርጋነሽ፦ ማን ነው የያዛት?

ፋንታ፦ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልናገርም!

ይርጋነሽ፦ (የባንተአምላክን የቀላ ጆሮ ከኋላ እያዩ) አይናገሩ፤ ጆሮው ተናግሯል። አንተ ልጅ፣ ወዲህ ዙር! እኔ ቋሚ ሁን አልኩህ እንጂ አማች ሁን አልኩህ?