የአይጥ ጂን ያጠብኩ ዕለት

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናንተም ቤት እንደዚያው ነው መሰለኝ። ሥጋና ቅቤ የነካውን ዕቃ ሁሉ በፈላ ውሃና በሳሙና መፈተግ ነው። እኔ ደግሞ ፍሪጁን ሳልገለብጥ ጾሙ የገባ አይመስለኝም። ጎረቤቶቼ "የአንቺ ፍሪጅ ከአንቺ ቀድሞ ነው የሚጾመው" ይሉኛል። ይበሉ።

ልጄ ሕሊና የማስተርስ ተማሪ ናት። የምታጠናው አንድ የአይጥ ጂን ነው። አስረድታኛለች። ጂኑ ፕላዝሚድ በሚሉት ክብ ነገር ላይ ይቀጠላል፤ በሽታ እንዳያመጣ የተኮላሸ ቫይረስ ተሸክሞ ሴል ውስጥ ያስገባዋል፤ ሴሉም የጂኑን ሥራ ከልክ በላይ ይሠራል። "ከልክ በላይ ለምን?" ብላት፣ "ሲበዛ ነው ጠባዩ የሚታየው" አለችኝ። የሰውም እንደዚያው ነው አልኳት።

ያን ሰሞን የላቦራቶሪያቸው ፍሪጅ ተበላሸና የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ቱቦዎች ይዛ መጣች። አንዷ ጂኑ ያለባት፣ ሌላዋ ለማወዳደሪያ የምትሆን ባዶ ፕላዝሚድ። "አይዞሽ እማዬ፣ ቫይረሱ እነዚህ ውስጥ የለም" ብላ ፍሪዘር ውስጥ ከተተቻቸው።

መቼስ አይጥ ከምግብ ጋር! የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ሳጥብ እነሱንም አወጣሁ። ክዳናቸውን አልከፈትኩም፤ በሳሙና ብቻ ፈተግኋቸው። አበሩ። የተጻፈባቸውም አብሮ ለቀቀ።

ሕሊና ስትመለስ አየቻቸው። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ጂኑ ያለባት የቷ ናት?"

"ሁለቱም ንጹሕ ናቸው" አልኳት።

"መመረቂያዬ እኮ ነው!"

ለካ ሴሎቹ አራት ወር ሙሉ አልታዘዝ ብለዋታል። አማካሪዋም በዚህ ወር ውጤት ካላሳየሽ ምርቃትሽ ለከርሞ ነው ብሏታል። ያኔ ደነገጥኩ።

መለያ ምርመራ አለ። ቆርጠው ርዝመቱን ያዩታል፤ ጂን ያለበት ይረዝማል፣ ባዶው ያጥራል። በማግስቱ ቱቦዎቿን ይዛ ከዊንጌት ታክሲ ተሳፈረች። እኔ ውዳሴ ማርያሜን ደገምኩ። ለአይጥ ጂን ይጸለይ አይጸለይ ግን አላውቅም።

ከሰዓት ደወለች። "እማዬ፣ ሁለቱም አጭር ናቸው።"

"በእኔ እጥበት ነው?"

"ኧረ አይደለም! ባክቴሪያ ውስጥ ሳባዛቸው ሁለቴም የጨለፍኩት ከባዶው ነበር። አራት ወር ሙሉ ባዶ ሳስገባ ከርሜ! ጽሑፉ ባይጠፋ መቼም አልመረምረውም ነበር።"

ከውጭ የመጣው ዋናው ጂን አማካሪዋ ዘንድ ሳይነካ ተቀምጦ ነበርና ከእሱ ጀመረች። ውጤቱም ለጥቂት ደረሰላት።

የማታውቁትን ዕቃ አትንኩ ብዬ ልመክራችሁ ነበር። ግን አማካሪዋ ነገሩን ሲሰማ፣ "እናትሽ ጊዜ ካላቸው የሌሎቹንም ተማሪዎች ቱቦ ቢያጥቡልን" አለ አሉ።

ሳሙናው ከእነሱ ይሁን ብያለሁ።