ሰባራ ሰዓት ወደ አሥረኛ «ለ» ጣራ የዘመቱበት ዜና

ንዌጥን። ርእሰ መምህራችን በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በጠፋ በአራተኛው፣ አንድ ጠመኔ ለሦስት ክፍል በተሰበረበትና አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለስድሳ ተማሪ በታዘዘበት በዘመነ እጥረት፣ ማርፈድን እንደ ርስት የያዙ፣ ደወል የማያስደነግጣቸው፣ የአሥረኛ «ለ» የኳስ አበጋዝ፣ ቅጽል ስማቸው ሰባራ ሰዓት የተባለው ኃያል በአንድ ሐሙስ ጥዋት ኳስ ሊያወርዱ ወደ ጣራ ዘመቱ። ወዐርገ ውስተ ናሕስ። ትርጓሜውም ጣራ ላይ ወጣ ማለት ነው። የእኔ ግዕዝ ከዚህ ብዙ ስለማያልፍ የቀረውን በምችለው እጽፋለሁ፤ ከምጽፈውም ውሸቱ ጥቂት ነው።

ከዘመቻው በፊት በጀግናው ላይ ነገር ጠንቶባቸው ነበር። ርእሰ መምህሩ በጥዋት ሰልፍ፣ ድምፅ ማጉያው ከተበላሸ ወዲህ በሚጮኹበት በገዛ ጉሮሯቸው፣ እንዲህ ብለው ዐዋጅ አስነግረው ነበርና፦

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላረፈደው ንገር! አንድ ቀን ከክፍል የቀረ ወላጅ ያመጣል። ሁለት ቀን የቀረ አሁንም ወላጅ ያመጣል። ሦስት ቀን የቀረ ግን ወላጁም አያድነው፤ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል! ይህ ትምህርት ቤት ነው እንጂ መናኸሪያ አይደለም፣ ሲያሰኝህ የምትሳፈርበት፣ ሲያሰኝህ የምትወርድበት!»

ጀግናውም ሁለቱን ጨርሰው በሦስተኛው ደጃፍ ቆመው ነበር። እናታቸው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ማጠቢያውን ጥለው፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ መጥተው በርእሰ መምህሩ ፊት አንገታቸውን ደፍተዋል። በሁለተኛው ቀን ማታ እቤታቸው ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርገው እንዲህ ዐወጁ፦

«ስማ አንተ! እኔ እጄ ተልጦ የሰው አንሶላ የማጥበው አንተ አጥር ስትዘል እንድትውል አይደለም። ሌላ ወረቀት ይዘህ ብትመጣ፣ በማግስቱ አጎትህ ወፍጮ ቤት ነው የምትገባው። ዱቄት ለብሰህ ትውላለህ፤ ያኔ ከጆንያ ጋር ተጋጠም!»

ሰባራ ሰዓት ተከላካይ አይፈሩም፤ በረኛ አይፈሩም፤ ፈተናንም ቢሆን ስለማያነቡት አይፈሩትም። ወፍጮ ቤቱ ግን ያንቀጠቅጣቸዋል። የአጎታቸው የበኩር ልጅ በዐሥራ አራት ዓመቱ እዚያ ገብቶ፣ ቅንድቡ ነጥቶ፣ ጆሮው ደንቁሮ፣ በሠርጉ ቀን ሙሽራይቱን ትወዳታለህን ተብሎ ሦስት ጊዜ ቢጠየቅ ሦስት ጊዜ «እ?» እንዳለ በቤተሰቡ የታወቀ ነውና።

ስለ ኳሷም እንናገር። በትምህርት ቤቱ ያለችው ኳስ አንዲት ናት። ጫማ ሰፊው ሰባት ጊዜ ጠግኗታል፤ በየጊዜውም የአሮጌ ጫማ ሶል ስለ ጨመረባት ከክብደቷ የተነሣ በጭንቅላቱ የመታት ሰው የዚያን ቀን ትምህርት ይረሳል፤ ሁለት ጊዜ የመታት የአባቱን ስም ይጠይቃል። በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥረኛ «ለ» ከአሥረኛ «ሀ» የሚገጥምባት እርሷ ነበረች። የስፖርት አስተማሪውም፣ በአንገታቸው የውስጥ ፍሬው የጠፋ ፊሽካ የሚያንጠለጥሉት፣ ሕጉን ቀደም ብለው አውጀዋል፦ «ኳስ የሰቀለ ያወርዳል! ኳስ ከሌለ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ የሰቀለው ክፍል በፎርፌ ተሸንፏል! ከኔ ጋር ክርክር የለም!»

ከጀግናው ጋር የተሰለፉት የጦር አለቆች እነዚህ ናቸው። በቀኝና በግራ ክንፍ መንትዮቹ ቀኝ ጫማና ግራ ጫማ፣ አንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ ተካፍለው የሚጫወቱ፣ ሌላውን እግራቸውን ለጠጠር የሰጡ። በበር ላይ ወንፊት፣ ስለ እርሱ ከስሙ በላይ መናገር የማያስፈልግ። በደጀን ደግሞ ግንቡ፣ በበር ሲገባ የሚያጎነብስ፣ ሲቀመጥ ከኋላው ያለውን ወንበር ሁሉ ጥላ የሚያለብስ፤ የጀግናውም ወንበር ከእርሱ በስተኋላ ነበረ። እነዚህ አራቱ ከአለቃቸው ጋር ቃል ኪዳን ነበራቸው፤ ስም ሲጠራ ከመካከላቸው የጎደለ ቢኖር ተረኛው «አቤት» ይልለታል። ተራው በየሳምንቱ ይዞራል። የዚያ ሳምንት ተረኛ ማን እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ ከደወሉ በፊት፣ ሰባራ ሰዓት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደርሰው፣ ጉድ ተብሎ ሲወራላቸው፣ ደስታው ወደ እግራቸው ወርዶ ኳሷን አንድ ጊዜ መቷት። ኳሷም ወደ ጎሉ ታስባ ወደ ሰማይ ሄደች፤ ሰማይም ከብዳው መለሳት፤ በገዛ ክፍላቸው በአሥረኛ «ለ» ቆርቆሮ ላይ ዐረፈች። ጀግናውም ከሜዳው ተነሥተው ከዕቃ ቤቱ ጓሮ ሰፈሩ፤ ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ሥር ሰፈሩ፤ የዘበኛውን መሰላል አቁመው ወጡ። ኳሷንም ማረኩ። በዚያው ቅጽበት ደወል ተደወለ፣ ሠራዊቱም እንደ ጢስ ተበተነ።

ዘበኛው በዚያ ሲያልፍ መሰላሉን ብቻውን ቆሞ አገኘው። ሽቅብ አላየም፤ ሽቅብ ማየት ከሥራው ዝርዝር ውስጥ አልነበረምና። መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ዕቃ ቤት እያዘገመ ለነፋሱ እንዲህ ዐወጀ፦ «ባለቤት የሌለው መሰላል ካገኘሁ እቆልፍበታለሁ! አንዱ የተሰረቀው በኔ ፈረቃ ነው። ይህኛው ከጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ!»

ሰባራ ሰዓትም መሰላላቸው ሲሄድ አዩ፤ ቢጮኹ ጣራ ላይ በመገኘት ይያዛሉ፤ ዝም ቢሉ ከክፍል ቀርተው ሦስተኛው ይሞላባቸዋል። ስለዚህ ለመዝለል ቆረጡ። ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ኳሷን አቀፉ፣ እናታቸውን በልባቸው ተሰናበቱ። አንድ እግራቸውን ከቆርቆሮው ጠርዝ አውጥተው ሳለ ከበታቻቸው ስም ሲጠራ ሰሙ።

የሒሳብ አስተማሪው ነበሩ፤ ጠመኔ ሲያልቅባቸው ከግድግዳው ኖራ ፍቀው የሚጽፉት፣ ከኖራውም ብዛት የተነሣ ክፍሉን ቀስ በቀስ ወደ ሰሌዳው ያዛወሩት። የጀግናውን ስም በጠሩ ጊዜ፣ አራቱ አለቆች እያንዳንዳቸው ተረኛው እኔ ነኝ ብለው ከአራቱ ማዕዘን «አቤት!» አሉ። ጀግናውም ከላይ በእውነት «አቤት!» አሉ። አስተማሪውም መነጽራቸውን አውልቀው ዐወጁ፦ «ጎበዝ! ይህ ልጅ አምስት አፍ አለው፤ ለቤት ሥራ ግን አንድ እጅ አጣ! አራታችሁ ተነሡና ቁሙ፤ አምስተኛው ቆርቆሮው ነው፣ ምሬዋለሁ!» ይህን ብለውም በቀዩ እስክሪብቶ ቀሪ ብለው ምልክት አደረጉ። እንግዲህ አራቱ ሐሰቶች ተሰምተው አንዲቱ እውነት ለቆርቆሮ ተሰጠች። ሦስተኛውም ሞላ።

በአሥረኛ «ለ» ጣራ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የድስት ክዳን ታህላለች። ኮርኒሱ ተነቅሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከሆነ ወዲህ በእርሷ ዝናም ይገባል። ሰባራ ሰዓት እግራቸውን ለጊዜው መልሰው፣ በሆዳቸው ተስበው፣ ዐይናቸውን በቀዳዳዪቱ ላይ አኖሩ፤ ታላቅ ነገርም አዩ። ጥቁር ሰሌዳውን ሙሉውን አዩት! ሁለት ዓመት ከግንቡ ጀርባ ተቀምጠው ሲገለብጡ የኖሩት የቀኙን ጠርዝ ብቻ ነበርና፣ ሰሌዳው የግራ ጎን እንዳለውና ትምህርቱ ከዚያ እንደሚጀምር በዚያች ዕለት ዐወቁ።

አስተማሪውም ለቆሙትና ለተቀመጡት እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «መጽሐፍ የለንም፤ ግድግዳ ግን አለን። የዘበኛው መሰላል አምስት ሜትር ነው። ቦዩ አላስጠጋ ስላለው እግሩ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ጫፉ ልክ ጣራው ጋ ይደርሳል። የዚህ ግድግዳ ቁመት ስንት ነው? መልሱን ያላወቀ ይቁም!»

የተቀመጠውም ተማሪ ሁሉ ቆመ።

ከሰማይ በታች ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ሰው ቢኖር ሰባራ ሰዓት ነበሩ፤ ለሌላው የሒሳብ ጥያቄ ነው፣ ለእርሳቸው የእግር። ምስማር አንሥተው በቆርቆሮው ላይ ጫሩ፤ ከሰሌዳው ግራ ጎን የተጻፈውን ሕግ ተከተሉ። አምስትን በአምስት አባዙ፣ ሦስትን በሦስት አባዙ፣ ትንሹን ከትልቁ ቀነሱ፤ ዐሥራ ስድስት ቀረ። ዐሥራ ስድስት የማን ልጅ ነው ብለው ቢመረምሩ የአራት ልጅ ሆኖ ተገኘ። አራት ሜትር! ወደ ጠርዙ ተስበው ታች ያለውን የድንጋይ ቦይ አዩና እግራቸውን ሰበሰቡ። በዘመነ እጥረት ትምህርት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ የሰባራ ሰዓትን ሁለት ቅልጥም ሄዶ ይጠይቅ።

ከዚያም አፋቸውን በቀዳዳዪቱ ላይ አድርገው ከአርያም ዐወጁ፦ «አራት ሜትር ነው! ሃያ አምስት ሲቀነስ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ስድስት፤ የዐሥራ ስድስት ሥር አራት! ቲቸር፣ በእናትዎ አልቀረሁም፤ መሰላሉን ያስመልሱልኝ!»

አስተማሪውም ሽቅብ ቢያዩ አንድ ዐይን ቁልቁል አያቸው። ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ፤ ያውም የሳምንቱ።

ዘበኛው መሰላሉን እያጉረመረመ አመጣ። ጀግናው ኳሷን አስቀድመው ወረወሩ፣ ራሳቸው ተከተሉ፣ ወደ ርእሰ መምህሩም ቢሮ ተወሰዱ። እናትም ክንዳቸው ላይ አረፋው ሳይደርቅ ሦስተኛ ጊዜ መጥተው ቆሙ፤ የልጃቸውን የሥራ ልብስ በፌስታል ይዘው ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ መዝገቡን ገልጠው፣ ክፍል ማለት አራት ግድግዳና ወለል ነው፣ ስለዚህ ልጁ ቀርቷል ብለው ተከራከሩ። የሒሳብ አስተማሪው ግን ምሰሶ ሆነው ቆመው፣ ጣራ የሌለው ክፍል ግቢ ይባላል ብለው መለሱ። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ፈረዱ፦

«ጣራ የክፍል አካል ነው! እንግዲህ ተማሪው አልቀረም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተበላሸው። ከጣራ ላይ የሚመልስ ልጅ ከመሬት ለምን እንደሚያንቀላፋ ዛሬውኑ ይጣራ!»

ቢጣራ ግንቡ ተገኘ። ቀዩ ቀለም የማይፋቅ ስለሆነ አስተማሪው በምልክቱ አናት ላይ «ከላይ ተገኝቷል» ብለው ጻፉ፤ ያም ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። እናት ፌስታሉን በብብታቸው አድርገው የመጨረሻውን ዐዋጅ አወጁ፦ «ወፍጮው ይቆይ! ለነገሩ ምን እህል አለና ይፈጫል? አንተ ግን ነገ ብታረፍድ ቆርቆሮውን ከነምስማሩ አለብስሃለሁ!» ይህን ብለው ወጡ፤ በደጅም ሲደርሱ በሽርጣቸው ዐይናቸውን ሲጠርጉ ዘበኛው አይቷል። ሳሙና ነው ብለውታል።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ተደረገ። አራቱ አለቆች ስለ ሐሰተኛ አቤትነታቸው እስከ ማታ እንዲቆሙ ስለ ተፈረደባቸው ጀግናው በጥቂት ሠራዊት ገጥመው አምስት ለባዶ ድል ተመቱ። ለእያንዳንዱ አቤት አንድ ጎል ደረሰ ማለት ነው። የዘመቻው ግብ ግን ኳስ ማውረድ እንጂ ኳስ ማግባት አልነበረምና፣ ይህ ሽንፈት ተብሎ አይጻፍ።

በማግስቱም ለጀግናው ከፊት ወንበር ተሰጣቸው፤ ይኸውም በቀዳዳዪቱ ትክክል ሥር ያለው፣ በዝናም ቀን ማንም የማይፈልገው ዙፋን ነው። ከዚያች ዕለት ወዲህ ደወል ቀድሟቸው አያውቅም፤ ቢያረፍዱ ግንቡ ይቀመጥበታላ።

እንግዲህ መዋዔ ቆርቆሮ፣ ዘላዬ አጥር፣ በአንድ ዐይን የተማሩ በሁለት እግር የወረዱ፣ ስማቸው ከመዝገብ ከሚፋቅ ከላዩ የተጻፈላቸው አባ ጣራ ሰባራ ሰዓት ይንገሡ! ዝናም በመጣ ጊዜ ሌላው ተማሪ ሁሉ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ እርሳቸው ግን ከሰሌዳው ፊት አይነሡም፤ ውኃው በማጅራታቸው ሲወርድ ራሳቸውን ትተው ደብተራቸውን ይከልላሉ።