ሒሳብ የማይሻማው ሰው

እናንተዬ፣ ሒሳብ የማይሻማ ሀበሻ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ሀብታም።

ደመወዝ ጠብቀን የምንኖር ሰዎች ሒሳብ ሲመጣ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። እንማማላለን፣ እንጓተታለን፣ አስተናጋጇን በሁለት ካርድ መሀል እናቆማታለን። እኔማ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሥቼ በጎን የምከፍል የለየልኝ ጉረኛ ነኝ። የመኪናዬን ኢንሹራንስ ለመክፈል ስንት ኦቨርታይም እንደምሠራ ግን አትጠይቁኝ።

ታደሰ ድሮ ሪችፊልድ በደባልነት አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ነው። ዛሬ የሚያከራያቸው ቤቶች አሉት፤ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ፕሊማውዝ ገብቷል። ከስንት ጊዜ በኋላ ተገናኝተን ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለ የሀበሻ ምግብ ቤት ክትፎ በላን። ሒሳቡ ሲመጣ ዘልዬ ያዝኩት።

«በሞቴ! ዛሬ የኔ ነው!»

ጠረጴዛውን በጉልበቴ ደግፌ፣ ጡንቻዬን ወጥሬ እጁን ጠበቅሁ። እጁ አልመጣም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የተረፈውን ክትፎ ያስጠቀልል ጀመር።

«ታዴ፣ ለወጉ እንኳን አትታገልም?» አልኩት።

«እከፍላለሁ አልክ፤ አመንኩህ» አለኝ በእርጋታ። «ድሮ የምታገልህ ባዶ ኪሴ እንዳይታወቅብኝ ነበር። አሁን ምን ያታግለኛል?»

ወገኖቼ፣ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲተናነቁ የኖሩት ሁለት ባዶ ኪሶች ናቸው! ልስቅ ፈለግሁ፤ ሳቁ አልመጣልኝም። መኪናው ድረስ ሸኘሁት። «እንደዋወላለን» አለኝ። አልደወለም።

ትናንት እዚያው ቤት ብቻዬን ሄድኩ። አስተናጋጇ ሒሳቡን ስታስቀምጥ እጄ እንደ ልማዱ ተወርውሮ ያዘው። ቀና ብዬ ከፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር አየሁ። ካፖርቴ ተቀምጧል። እሱም አልተሻማኝም።