ከአሜን በፊት የማይወርድ ሞተር

ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አንቺም ማኪዬ፣ እግርሽን ማወዛወዝሽን ተዪና ጻፊ። አክስትሽ እንዳለችሽ ነው የምትጽፊው፤ እንዳታሳምሪው።

ወንድ ልጅን ሐኪም «ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ካለው አለቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም በሙሉ መነሳት ያለባት ትመስለዋለች። ድሮ እኮ ባሌ ጌታቸው የበላበትን ሳህን እንኳን አንስቶ አያውቅም። ልቡን ኦፕሬሽን ካደረጉት ወዲህ ግን ሶፋው ይጠራዋል፣ ፍሪጁ ይጠራዋል። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ ቮልሷ ናት።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ የነዳ ሰው ሪታየር ሲያደርግ ምን ያምረዋል ትላላችሁ? ማረፍ? እዚሁ ቶሮንቶ፣ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር አፓርታማ ወጥተን እዚህ ቤት ስንገባ እኔ ለኩሽናው እልል ስል፣ እሱ ለካ ጋራዡን ነው ያየው። ዝገት በልቷት የተረፈች አሮጌ ቮልስ አስጎትቶ መጣ። ቀን ከሌት ያሻሻታል። እኔን እንኳን እንደዚያ እያሻሸ… ተዪው፣ እሱን አትጻፊ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚወጣውም በሥር ነው። መኪናዋን በክሪክ ከፍ አደረገ፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ መሬት አወረደ። ይሁን። ቀጥሎ «የሥራ ጠረጴዛው ላይ ላወጣው ነው» አይለኝም! በማን ጉልበት ብለው፣ በእግዜር አለኝ። ሰው ጥራ ብለው አሻፈረኝ አለ። ስለ ልቡ ቸርች ውስጥ ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም፤ ምስኪን ሊሉኝ ነው ይላል።

እኔም ሳልነግረው የጸሎት ቡድናችንን ምሳ ጠራሁ። አራት ጎረምሶች ከሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ ከሽማግሌያችን ከጋሽ ደምሴ ጋር መጡ። እውነቱን ለጋሽ ደምሴ ብቻ ሹክ አልኳቸው። ከምሳ በኋላ እንደ ድንገት ወደ ጋራዡ ወጣን፤ ልጆቹም እጅጌያቸውን ሰብስበው ሞተሩን ብድግ አደረጉት። ይኼኔ ልማድ ነውና አፌ አላርፍ አለ፤ «ጋሼ፣ በአጭሩ ይጸልዩልን እንጂ» አልኳቸው።

በአጭሩ! ጋሽ ደምሴ አጭር የሚባል ነገር የት ያውቃሉና? ዓይን ሁሉ ተጨፈነ። ጸሎት መሃል ደግሞ ሞተር ማን ያስቀምጣል? ሞተሩን ባረኩ፤ ካናዳን ባረኩ፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሚጠብቁ፣ በረዶ ላይ ለሚነዱ ጸለዩ። የአንዱ ልጅ «አሜን» ወደ ማቃሰት ሄደች።

አንድ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ ጌታቸው ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን ወደ ሞተሩ ሥር እየሰደደ ነው። ያዝኩት። ልከለክለው ነው የያዝኩት፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ። እጁ ቅባት በቅባት ነው። ልክ ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን ልብ አንተ ጠግነኸዋል፤ አንተው ጠብቀው» አሉ።

ጉዱ ወጣ! አሁን ሊቆጣኝ ነው ብዬ እጄን ልስብ ስል፣ እሱ አጥብቆ ያዘኝ። ፈርቶ ነበር ማኪዬ። ከኦፕሬሽኑ ቀን ጀምሮ ፈርቶ ነበር፤ እኔ ኩራት መስሎኝ።

የዚያን ቀኑን ዓይነት አሜን ቶሮንቶ ሰምታ አታውቅም። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ዱብ። ምስኪን ያለው አንድም ሰው የለም። አንዱ ልጅ ብቻ ክንዱን እያሸ «ጋሽ ጌታቸው፣ በፈለጉን ሰዓት ይደውሉ፤ ጸሎቱ ግን መጀመሪያ ይሁን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ተለውጧል። ዳግመኛ ብቻዬን አላነሳም ብሎ በጋሽ ደምሴ ፊት ቃል ገብቶልኛል። አሁን እንኳን ጋራዥ ገብቶ ቁጭ ብሎ ቡሎን ነው የሚወለውለው፤ ምንም ነገር አያነ…

ምን አለ? «ሙሉዬ፣ ነይ እስቲ በዚያ በኩል ያዢልኝ» ነው ያለው?

መጣሁ፣ እንዳትነካው! ጻፊ ማኪዬ፦ ቃሉን ጠብቋል፤ ብቻውን አላነሳም፣ ከእኔ ጋር ነው የሚ…