የልጄን መኪና ስገመግማት

ይህ ዘመን የግምገማ ዘመን ነው። መምህሩ ይገመገማል፣ ሊቀመንበሩ ይገመገማል፣ የልማት ሠራተኛው ተገምግሞ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛን አሮጊቶቹን እንኳ አንድ ቀን ሰብስበው "ራሳችሁን ገምግሙ" ቢሉን፣ ጎረቤቴ ብድግ ብላ የእኔን ኃጢአት ዘርዝራ ተቀመጠች። ታዲያ ሰው ሁሉ ሲገመገም ዕቃ ለምን ይቀራል? በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ በቅሎም ዳገትና ቁልቁለት ሳትፈተን የሚገዛት የለም። መኪና የገዛ ሰው ግን "አሪፍ ናት" ብሎ ያልፋል። ለማን ነው አሪፍ? በየትኛው መንገድ? ይህን የሚናገር የለም።

እኔ እናገራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ፊደሎች እስከ ዛሬ አምታታቸዋለሁ። ስለ መቀመጥ ግን የሚያስተምረኝ የለም። በመደብ ተቀምጫለሁ፣ በበቅሎ ኮርቻ ተቀምጫለሁ፣ በጭነት መኪና ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር አብሬ ተጭኛለሁ፣ ባውቶቡስ የማላውቀው ሰው ዶሮ ታቅፌ ደብረ ብርሃን ደርሻለሁ። ምቾትን የሚያውቃት ሳይመቸው የኖረ ሰው ነው። የተመቸውማ እንደ አየር ይስባታል እንጂ መች ያያታል።

የመኪናዋ ባለቤት ልጄ ደረጀ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ነው። እሱ የመኪናዋ ባለቤት፣ እኔ የእሱ ባለቤት፤ ስለዚህ እንደ ባለቤት ብናገር አትታዘቡኝ። መሐል ሜዳ ደጄ ላይ ሲያቆማት ጥቁር ናት፣ እንደ በርኖስ ጥቁር፤ መስታወቷም ጥቁር። "የቤተሰብ መኪና ናት እማዬ፣ ሰባት ሰው ትይዛለች" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ውስጧን አየሁ። ሰባት ወንበር፣ አንድ ሰው። ቤተሰቡማ የመንዝን ብርድ ፈርቶ አዲስ አበባ ቀርቷል።

ደረጀ የመጣው ግን መኪና ሊያሳየኝ አልነበረም። ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ በኋላ ሳትዘጋጁ እንዳትሰሙት። የመጣው ታላቅ እህቴ በለጡ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ በሞት አፋፍ ላይ ስለነበረች ነው። ቤቷ ከሞላሌ አለፍ ብሎ፣ ገበያውን ቁልቁል የሚያይ ጉብታ ላይ ነው። እኔና እሷ አምስት ዓመት ተኳርፈናል።

ጠባችን ምን ነበር? ስሙትና ፍረዱ። የልጅ ልጇ ክርስትና ዕለት ነው። ዝናቡ ሌላ ነው። ካውቶቡስ ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ ጭቃዬን እየጎተትኩ ብገባ፣ እትዬ ድግስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "የአስካለ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኗል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ መቼም ትልቅነቱ እናቱ ጫማ ላይ አልደረሰም" አለች። ቤቱ ሳቀ። ቄሱ እንኳ በጢማቸው ውስጥ ሳቁ። እኔም ጠላውን ሳልቀምስ በመጣሁበት ጭቃ ተመለስኩ። ይኸው ነው። መሬት አልተካሰስን፣ ደም አልተቃባን። ትልቅ ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር፤ ትንሽ ጠብ ግን ሽማግሌ ፊት ለመናገር ስለሚያሳፍር ሥር ሰዶ ይቀራል።

ባለፈው ሰሞን ልጇ ለምለም በሞባይል ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ እናቴ ጠንቶባታል። እህል ከቀመሰች ሰነበተች። 'አስካለን ጥሪልኝ፣ ይቅር ተባብለን ልሂድ' እያለች ነው። አደራዎን፣ ፈጥነው ይድረሱ።" እኔ ለደረጀ ደወልኩ፤ እሱ አዲሷን መኪና አስነሥቶ ከች አለ፤ በማግስቱ ጠዋት መንገድ ጀመርን።

እንግዲህ ግምገማው እዚህ ላይ ይጀመራል።

ገና ከመቀመጤ መኪናዋ "ጢው፣ ጢው" ትል ጀመር። "ምን ሆነች?" ብለው፣ "ቀበቶ እሰሪ ነው የምትልሽ" አለኝ። መቀነቴን አሳየኋት። አልሰማችም። ልጄ ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አሰረኝና ዝም አለች። ነዝናዛ ናት ብዬ ያዝኩባት። ኮረኮንቹ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፣ ጉድጓድ ረግጣ ስታልፍ ጉድጓዱ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። በጎች መንገድ ዘግተውብን ወደ ኋላ ብንል ደግሞ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ቴሌቪዥን የኋላችንን አሳየችን። የእኔና የእትዬን ነገር እያሰብኩ ነበርና፣ ለሰውም እንዲህ ያለ ነገር ቢሠሩለት ብዬ ተመኘሁ። የጠበል ጠርሙሴን የማኖርበት ጉድጓድ እንኳ በልክ አበጅተውላታል። ፈረንጅ ጠበል አይጠጣም ያለው ማነው?

ጥቂት እንደሄድን ከታች በኩል ሞቀኝ።

በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ድንገት ከታች ሲሞቃት ምን እንደምትጠረጥር ታውቁታላችሁ። ያውም በልጄ አዲስ መኪና! በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ከዚያ እጄን በቀስታ ሰደድ አድርጌ ብዳብስ ደረቅ ነው። ይመስገነው።

"ደረጀ፣ ይህ ወንበር ትኩሳት ይዞታል" አልኩት።

ሳቀ። "ማሞቂያ ነው እማዬ። ለወገብሽ ብዬ ነው የከፈትኩት።"

ኧረ እሰይ! ዕድሜ ልኩን ውርጭ ሲቆረጥመው የኖረ ወገቤ ያን ጊዜ ተፈታ። የመንዝ ሰው ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ያሞቃል ይላል፤ ነገር ግን ባና የሚያሞቅህ መጀመሪያ አንተው አሙቀኸው ነው። ይህ ወንበር ብድር አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይሞቃል። ለእትዬ ነፍስ ስጸልይ የመጣሁትን ሴትዮ፣ ሞላሌ ሳንደርስ እንቅልፍ ሊያሸልበኝ ነበር።

ሞላሌ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው። ዋናውን መንገድ ይዘን ብናልፍ የእትዬ ዳገት ቅርብ ነበር። ገበያውን ሳየው ግን የዚያን ክርስትና ድግስተኞች አየሁ። የሳቀውን ሁሉ። ጨው ይዛ የተቀመጠችው አያልነሽ፣ ከሁሉ በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች።

"በገበያው በኩል ዙር" አልኩት ልጄን።

"እማዬ፣ ለምን?"

"ጨው ልገዛ።"

ጨው እቤቴ ሞልቷል። ልጄም ያውቃል፤ ግን እናቱ ነኝ። ገባን። ቀስ ብለን፣ እንደ ታቦት። ቀና ብዬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ማን አየኝ እያልኩ ብጠብቅ፣ ማንም የሚያየኝ የለም። ይባስ ብሎ ሰው ከፊታችን ይሸሻል። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ሌላው በጉን በገመድ እየጎተተ ወደ ጥጉ ሮጠ። እዚያች ገበያ መካከል ሰው ሲሳሳ ታዘብኩ። ለካ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም፤ ሰዉ የበላይ አካል መጥቶ ለስብሰባ ሊሰበስበው መስሎታል! ስብሰባ ደግሞ እንኳን የገበያ ሰው ሬሳም ቢሆን ተነሥቶ ይሸሸዋል።

ጨረስነው። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት፤ ያየኝ አንድ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ብወርድ፣ ወይም ቀጥ ብለን ብንሄድ፣ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። እኔ ግን "ይህ መስታወት አይከፈትም እንዴ?" አልኩ። ደረጀ አንዲት ነገር ተጫነ፤ መስታወቱ እንደ ቅቤ ወረደ። ቀዝቃዛው አየር ገባ፤ የገበያው ሽታ ገባ።

"አሁን ደግመህ ዙር።"

"እማዬ፣ እትዬ በለጡ እየጠበቀችን ነው እኮ።"

"አምስት ዓመት ጠብቃለች" አልኩት። አፌን ቢቆርጠው።

ሁለተኛው ዙር ላይ አያልነሽ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "አስካለ! ምነው፣ ተሾምሽ እንዴ?"

"ልጄ ሾመኝ።"

"እኛ እኮ የወረዳ ሰው መስሎን ልንበተን ነበር! ኧረ ይህ ነገር ውስጡ እንዴት ያለ ነው?"

"ወንበሩ ይሞቃል" አልኩ። ዝም ማለት ሲገባኝ።

"ሂጂ! ወንበር ይሞቃል? ታመሽ ይሆናል እንጂ!"

"ነይ ዳብሺው።"

እጇን በመስኮት አስገብታ ከጎኔ ዳበሰችው። "ወይኔ ልጄን!" ብላ ጮኸች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ብርድ ያደረቃት ሴት ሁሉ መጣች። አንዷ ሽንኩርቷን ትታ፣ አንዷ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ በየተራ፣ መስቀል እንደሚሳለም ሰው፣ የልጄን መኪና ወንበር ዳበሱት። "እስቲ እኔም ልሙቅበት።" "ቆይ ቆይ፣ ሁለቱንም እጄን።" "አስካለ፣ ዛሬማ እንደ ዳቦ ልትበስይ ነው።" እኔም ጠጋ እያልኩ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ልጄ መሪውን ይዞ ሰዓቱን ያያል። ምን ያህል ቆየን? ሰዓት የለኝም። ቅዳሴ ቢሆን ወንጌል ይነበብ ነበር።

ጠግቤ ወጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህን ነው፤ ግን የጣልኩትን ገና አላወቅሁም ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ አቧራ ሆነና ደረጀ መስታወቱን መልሶ ዘጋው። ይህች መኪና ስትዘጋ ድምፅ አታስገባም፣ ድምፅ አታስወጣም፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ነገር አድርጎ ነግሮኝ ነበር። የእትዬ ደጅ ስንደርስ ሴቶች ከግቢው ሲወጡ አየሁ። እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። አፋቸው ተከፍቷል። አንዷ ደረቷን ትመታለች። ምንም አይሰማም። ወንበሩ ይሞቃል፣ መኪናዋ ጸጥ ብላለች፣ የእህቴ ለቅሶ ከመስታወቱ ወዲያ ያለ ድምፅ ይለቀሳል። ልጄ ገባው፤ እኔ ግን በሩ ተከፍቶ ዋይታው እስኪገባ ድረስ አልገባኝም፤ ሊገባኝም አልፈለግሁ።

በእኛ አገር እህት የሞተባት ሴት ከሩቅ፣ ከወዲያኛው ጉብታ ጀምራ ነው የምትጮኸው፤ ቤተኛው ድምፅዋን ሰምቶ ወጥቶ ይቀበላታል። እኔ ደጁ ላይ ወርጄ ጮኽኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለምለም አንገቴ ላይ ወድቃ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ "አሁን ነው እኮ አክስቴ፤ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም" አለችኝ። ቀጥላም ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያጽናናኛል ብላ ነው።

"ከደጅ ቆሜ መንገዱን እያየሁ እነግራት ነበር። 'ጥቁር መኪና መጣ' ስላት 'እሷ ናት' አለች። 'ገበያው ውስጥ ገባ' አልኳት። 'ልትታይ ነው' ብላ ፈገግ አለች። 'ደግሞ ሊዞር ነው እማዬ፣ ሰው ልላክባት?' ብላት፣ 'ተያት፣ ትታይበት። እኔም ብሆን እዞር ነበር' አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።"

ይቅር ለመባባል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ድርሻዋን ተናግራ ሄደች። የእኔው አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለቄስም ነገርኩት፣ ለመቃብሯም ነገርኩት፤ ሰሚው ሌላ ሲሆን ነገሩም ሌላ ይሆናል።

ከቀብር ስንመለስ ለቅሶው ደራ። አልቃሿ ሰፊ ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ ደጅ የቆመችውን መኪና አይታለች፤ የመጣሁት እኔ መሆኔን ጠይቃ ተረድታለች። ወደ እኔ ዞራ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እንዲህ ብላ አወጣችው፦

"በርኖስ የመሰለ መኪና አስነድታ፣
አስካለ ደረሰች የትም ላይ ሳትገታ።"

ሰዉ በዋይታ ተቀበላት። "እህት ማለት እንዲህ ናት!" አለች አንዲት አሮጊት እንባዋን እየጠረገች። ለምለም ከጎኔ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች። አያልነሽ ሳትቀር ከገበያ መጥታ፣ ያው ወንበር የዳበሰችበት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ተነሥቼ "ሐሰት ነው፣ ተገትቻለሁ፣ ወንበር ሳስዳብስ ነው እህቴ ያለፈችው" ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ሕዝቡ እንዴት አምርሮ እንደሚያለቅስ ብታዩት! ስሜም በመንዝ ለቅሶ ላይ እንዲህ አምሮ ተጠርቶ አያውቅም። ኩራት እንዲህ ያለች ናት፤ እንባዬ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ ግጥሙን ወደድኩት። አፌን መልሼ ገጠምኩ፣ ደረቴን መታሁ። ሰዉ ሐዘን መሰለው። ሐዘንም ነበር።

ደረጀ እስከ ዛሬ፣ ከአዲስ አበባ በደወለ ቁጥር፣ "ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ መኪናዋ ብቻ ትንሽ ፈጠን ብትል ኖሮ" እያለ በመኪናዋ ያሳብባል። እናቱን ላለመንካት ነው፤ ደግ ልጅ ነው። እኔ ግን ያለ ኃጢአቷ አላስወቅሳትም። ለፍጥነቷም ሆነ ለአካሄዷ እንከን አላገኘሁባትም። ትመቻለች። ባትመች ኖሮ ቶሎ እወርድ ነበር።