የታጠበው ጠገራ

አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እግዜር ይወዳችኋል። እኔ ግን ጎረቤቴ ናቸው፤ የመርሳ ከተማው ልብስ ሰፊ ጋሼ ይመር። ስለ ዝናብ ብታነሱባቸው እንኳ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጠገራ ብር ላይ ያርፋል።

ባለፈው ወልድያ የአሮጌ ሳንቲሞች ትርኢት ተዘጋጀና አብረን በሚኒባስ ሄድን። እናታቸው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረውን ጠገራ በመሐረብ ቋጥረዋል። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ከእናታቸው ስም ጋር የትርኢቱ መስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥላቸው።

ሳንቲሞቹን የሚቀበለው ወጣት የእናታቸው መሆኑን ሰምቶ ጠገራውን አገላብጦ አየና እንደ ሐኪም በረዥሙ ተነፈሰ።

«አባቴ፣ ምን አደረጉት?»

«በሎሚና በአመድ አሸሁት! ሰው ፊት ቆሽሾ ይቀርባል እንዴ?»

«ድሮነቱን እኮ ነው ያጠቡት! የታጠበ አንቀበልም።»

ጋሼ ይመር መሐረቡን መልሰው መቋጠር አቃታቸው። ስቀልድባቸው የኖርኩት እኔ መሐረቡን ያዝኩላቸው።

ይሄኔ ከኋላችን የቆሙ አንዲት አሮጊት የጋሼ ይመርን እጅ ለቀም አደረጉ።

«ቆዩ እስቲ! ጠገራማ ይሄ ነው! እናቴም ዓመት በዓል ሲደርስ በሎሚ ታሸው ነበር። እዚያ መስታወት ውስጥ ያሉት ጠቁረውብኝ አላወቅኋቸውም።»

«እስቲ አንገትዎ ላይ ይሞክሩት፣ እትዬ» አሉ ጋሼ ይመር።

አሮጊቷ ጠገራውን ደረታቸው ላይ ያዙት። ሰዉ መስታወቱን ትቶ ከበባቸው። ወጣቱም መስታወቱ ውስጥ የሚቀመጥ የስም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ እየተጋፋ መጣ።

«አባቴ፣ የእናትዎ ስም ማን ነበር?»

ጋሼ ይመር አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ጠሩት።